ጀልባ ልንመርጥ ድሬዳዋ ስንወርድ

ሐይቅ ዳር ተወልዶ ሐይቅ ዳር ያረጀ ሰው ጀልባ ሊመርጥ ድሬዳዋ ወረደ ቢሏችሁ፣ ሰውየውን ፀሐይ መትቶታል ትላላችሁ። የባሕር ዳር ጎረቤቶቼም ያሉት ይህንኑ ነው። አንዱ እንዲያውም «ከድሬ ሲመለሱ በዚያው ከአሳይታ በረዶ ይዘውልን ይምጡ» ብሎ ቀልዶብኛል። ሄደን ተመልሰናልና አሁን ልንገራችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከባለቤቴ ከየሺ ነው። የሺ የጎርጎራ ልጅ ናት። ጣናን በጀልባ ለሚሰነጥቅ ሰው ጎርጎራ ማዶ ነው፤ እሷ ግን ዘመድ ልትጠይቅ በሄደች ቁጥር ሐይቁን በመኪና ትዞረዋለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጀልባ ስነዳ፣ የስንት አገር ሰው ሳሳፍርና ሳወርድ ኖሬ የገዛ ሚስቴን አንድ ቀን አሳፍሬ አላውቅም። ውሃ ትፈራለች። ስንቱን ሌሊት እኔ ደሴት ዳር ጀልባ ላይ ሳድር እሷ ብቻዋን ቤት ስታድር ኖረናል። ጡረታ ስወጣ የተመኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አልጋ ባለው የራሳችን የሞተር ጀልባ፣ ደሴት ለደሴት እያደርን፣ የሺን ይዤ ጎርጎራ መግባት።

ስለምናት፣ ስጨቀጭቃት ከርሜ በመጨረሻ አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠች ቁርጡን ነገረችኝ።

«የማድርበትን ቤት የምመርጠው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ እናያለን። ካልወደድኩት የጀልባ ነገር በዚህ ቤት ዳግም አይነሳ።»

ባሕር ዳር ያሉት ጀልባዎች ደግሞ ወንበር እንጂ አልጋ የላቸውም። ምን ይሻላል ስል ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመላልስ ሾፌር ወዳጄ ድሬዳዋ ውስጥ የሚሸጡ ሁለት ጀልባዎች አየሁ ብሎ ፎቷቸውን በስልክ ላከልኝ። አንደኛዋ መጋረጃ አላት። የሺ መነጽሯን አድርጋ መጋረጃዋን አየችና «እንሂድ» አለች።

የመጀመሪያው ቀን

እስከ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄድን። ውሃ የምትፈራው ባለቤቴ ሰማይ ላይ ተንጠልጥላ ብስኩቷን ስትበላ አየኋትና ይሄስ አያስፈራም ወይ አልኳት። አውሮፕላን ቢወድቅ የሚወድቀው መሬት ላይ ነው፣ መሬት ደግሞ አውቀዋለሁ አለችኝ። የእኔንም ብስኩት ሰጠኋት።

ያደርነው ለቡ አካባቢ፣ ለባቡሩ እንዲቀርበን ነው። የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት ደግ ሴት ናቸው፤ ብርዱን አይተው ሦስተኛ ብርድ ልብስ ደረቡልን። ወደ ድሬ እንደምንሄድ ሲሰሙ የየሺን ጋቢ እያዩ፣ ይሄን እኔ ጋ ትተሽው ብትሄጂና ስትመለሺ ብትወስጂው ይሻላል አሏት። የሺ አሻፈረኝ አለች። ጀልባ ውስጥ ብርድ አለ ብሎ የነገራት ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ቀን

ባቡሩ ጥሩ ነው። ከጀልባ የሚለየው መንገዱን የሚመርጥለት ሌላ መሆኑ ነው፤ እኔ መሪ ያልያዝኩበት ጉዞ ደግሞ ይረዝምብኛል። ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ወደ ቤታቸው የሚመለሱ የድሬ ሴት ነበሩ። ከዘንቢላቸው ሳምቡሳ አውጥተው ስም እንኳ ሳንለዋወጥ እጃችን ላይ አስቀመጡልን። እኛ አገር እንግዳ ሦስቴ ካልተለመነ አይበላም፤ እኚህ ሴት ግን ለልመና ጊዜ የላቸውም። «ብላ እንጂ አቦ፣ ይቀዘቅዛል» አሉኝ። አንተ መባሌ ትንሽ ቆጠቆጠኝ። በኋላ እንደተረዳሁት ድሬ ላይ ለትንሽም ለትልቅም ለሹምም አነጋገሩ አንድ ነው፤ የሚያከብሩህ በምግቡ ነው።

ለምን እንደምንሄድ ጠየቁን። የሺ ጀልባ ልንመርጥ ነው ስትላቸው ሳምቡሳው አፋቸው ውስጥ ቆመ። አዋሽን ሳናልፍ ፉርጎው በሙሉ ወሬውን ሰምቶ ነበር። ወደ መጸዳጃ የሚያልፈው ሁሉ እኛ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አንድ ሽማግሌማ ቆመው በጥሞና ካዩኝ በኋላ «ለየትኛው ውሃ?» ብለው ጠይቀውኝ መልሴን ሳይሰሙ አለፉ።

ከጣቢያው ስንወጣ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት በር ተቀበለን። የሺ ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ በክንዷ፣ ከክንዷ አውርዳ በእኔ ክንድ ላይ አደረገችው። ባጃጅ ይዘን ወደ ከተማ ስንገባ ትልቅ ድልድይ ላይ ወጣን። ለምዶብኝ አንገቴን አውጥቼ ውሃውን ለማየት ብል ከታች ያለው አሸዋ ነው፤ ፍየሎች እየተንጎራደዱበት። ድልድይ ካለ ውሃ አለ ብዬ ያደግኩ ሰው ነኝና ደነገጥኩ። ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ፣ ደቻቱ ወንዝ ነው፣ ዝናብ ሲጥል እንጂ አይመጣም አለኝ። እንዲያ ከሆነ የዚህ ከተማ ሰው ጀልባ ምን ያደርግለታል ብዬ ማሰብ የጀመርኩት እዚያ ድልድይ ላይ ነው።

ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ የዛፉ ጥላ ደስ በሚል መንገድ ላይ አልጋ ይዘን ገና ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። የባለ መጋረጃዋ ጀልባ ባለቤት ሐጂ ዩሱፍ ናቸው። ሾፌሩ ወዳጄ ደውሎ ነግሯቸዋል። ነጭ ጢም፣ ሰፊ ሽርጥ፣ ሰፊ ሳቅ ያላቸው፣ መጋላ በሚባለው የገበያ ሰፈር የኖሩ ነጋዴ ናቸው። ሰላምታው ሳያልቅ ሻንጣችንን አነሱ። እኔ ከፍለናል እላለሁ፤ እሳቸው ሻንጣውን ይዘው ደረጃውን ይወርዳሉ።

«ቤት እያለኝ ሆቴል አድረህ ነው ጀልባዬን የምታየው? ነውር ነው ካፒቴን!»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በሰፈሩ ስሜ ካፒቴን ሆነ። ባሕር ዳር ውስጥ በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ አንተ የመባሉ ቅሬታ በዚያው ቀረ።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ፈቲራ የሚባለውን ስስ ቂጣ በማርና በእንቁላል በላን። የሐጂ ባለቤት መሪየም የየሺን ወፍራም ቀሚስ አይተው አዘኑላትና ድሪያ የሚባለውን አበባ ያለበት ስስ ቀሚስ አለበሷት። ለእኔ ሽርጥ ተሰጠኝ። ሽርጥ ለብሶ መራመድ ጥበብ ነው፤ ያሰሩልኝን ሁለቴ ጎዳና ላይ ፈትቼዋለሁ።

ሐጂ ሰው ናቸውና፣ የእኔን ከማየታችሁ በፊት የሌላኛውን ሻጭ እዩ ብለው በራሳቸው መኪና በመልካ ጀብዱ መንገድ ወዳለ መጋዘን ወሰዱን። ያቺኛዋ ጀልባ ቀይ ናት፤ ሹል፣ ዝቅ ያለች፣ ጣሪያ የሌላት። ሻጩ ጎልማሳ ስለ ፍጥነቷ አውርቶ አልጠግብ አለ። አልጋው የታለ ስለው ወንበሩን ወደ ኋላ አጋደመና ይኸው አለ። ሙዚቃዋንም ከፈተልን። የሺ ገብታ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ አገጯ ደረሰ። ዙሪያዋን ቃኝታ ወረደችና በጆሮዬ «ይሄ ለሚያመልጥ ሰው ነው» አለችኝ። አንደኛው ዕድላችን በዚያ አለቀ። የቀረን መጋረጃው ነው።

ከቀትር በኋላ ድሬ ይዘጋል። ሱቁም ሰዉም ውሻውም ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። ስለዚህ የሐጂን ጀልባ ያየነው ፀሐይ ስትበርድ ነው። በሰፊው ግቢያቸው መካከል ጎማ ባለው ተጎታች ላይ ቁጭ ብላለች፤ ነጭ፣ ባለ ጣሪያ፣ ከግቢው አጥር በላይ ብቅ ያለች። ሐጂ ጅቡቲ ሲነግዱ ለቤተሰባቸው ነበር የገዟት። ንግዱን ጠቅልለው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ማቀዝቀዣውን፣ ሶፋውን፣ አልጋውን ጫኑ፤ ጀልባዋንም ለማን ትቼ ብለው ጫኗት። ድሬ ከገባች ወዲህ ውሃ አይታ አታውቅም። የሙቀቱ ወራት ሲመጣ ባልና ሚስት መሰላል እየወጡ የሚያድሩባት መኝታ ቤት ናት። አሁን የሚሸጧት የመሪየም ጉልበት መሰላሉን እምቢ ስላለ ነው።

እንግዲህ ተራው የእኔ ነው። ሽርጤን አጥብቄ ወጣሁ። መሪውን አዞርኩ፣ ገመዱን ፈተሽኩ፣ መብራቷን አበራሁ። የሞተሩን እግር ውሃ የተሞላ በርሜል ውስጥ ነክረን አስነሳነው፤ እንደ ሕፃን ሁለቴ ሳል አለና ተነሳ። ሰፈሩ በአጥር ላይ ሆኖ አጨበጨበ። ሁለት አልጋ፣ ትንሽ ምድጃ፣ ዕቃ መታጠቢያ፣ የምትዘጋ መጸዳጃ አላት። የቀረኝ የጀልባ ዋናው ነገር ነው፤ ሆዷን ከታች ማየት።

እዚህ ላይ ችግር ገጠመኝ። ከጀልባዋ ጠርዝ እስከ መሬት ድረስ ዙሪያዋ በሸራ ተጋርዷል። ከሸራው ውስጥ የሴቶች ድምፅ ይሰማል። ለካ የጀልባዋ ሥር የግቢው ምርጥ ጥላ ኖሯል፤ ከቀትር በኋላ መሪየምና ጎረቤቶቻቸው ምንጣፍ አንጥፈው፣ ራሳቸውን ገልጠው፣ ፀጉር እየተሠራሩ የሚያርፉበት ቦታ ነው። እንግዳ ወንድ ያንን መጋረጃ አይገልጥም። ሐጂ ራሳቸው ሳያስሉ አይጠጉም። እኔም ብሆን በሰው ቤት እንጀራ በልቼ የሰው ሴቶች ያሉበትን መጋረጃ የምገልጥ ሰው አይደለሁም። ስለዚህ የሺን ጠራኋትና፣ ግቢና ሆዷን እዪልኝ፣ ተሰንጥቆ ወይም ተልጦ እንዳይሆን በእጅሽ ዳብሺው አልኳት።

ገባች። ሻይ በወተት ሲገባ አየሁ። ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ ሲገባ አየሁ። ሳቅ ሰማሁ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል እጇ ሂና ተቀብቶ፣ ፊቷ ወዝቶ ወጣች።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«ከሥር በጣም ደህና ነው። ስንጥቅ የለው፣ ምን የለው። ነፋሱም ደስ ይላል።»

ነፋሱን ሥራዬ ብዬ አልሰማሁትም። በጀልባ ጉዳይ ከሷ የምሰማው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበርና። ጨምራም፣ ጋን ሲገዛ ውሃ ተሞልቶ ተፈትሾ ነው፣ ይቺንስ ለምን አንሞላትም አለችኝ። እኔም ሐጂም ሳቅን። ለጀልባ የሚፈራው ከውጭ ያለው ውሃ ነው ብዬ አስረዳኋት።

ሐጂ፣ ቤት ያላደሩበት አይገዛም፣ ዛሬ እናንተ እደሩባት አሉ። የፍየል ሥጋ በሩዝ ከአንድ ትሪ በልተን መሰላሉን ወጣን። የሺ ፍራሹን በእጇ ጫን ጫን አደረገች፣ መጋረጃውን ዘጋች፣ ከፈተች። እንዲህ ባለ ሙቀት ጠባብ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እንደማይወስዳትና ነገሩ እንደሚበላሽ እርግጠኛ ነበርኩ። ግን ከወዲያ ከእግራችን በኩል ደስ የሚል ቀዝቃዛ ነፋስ ይገባል። ጋቢዋን ጠየቀችኝ። ድሬዳዋ ላይ! ደርባው ተኛች፤ ጀልባ ውስጥ፣ አጠገቤ፣ በትዳር ዘመናችን ለመጀመሪያ ጊዜ። እውነቱን ልናገርና ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አራተኛው ቀን

ስትነቃ የመጀመሪያ ቃሏ «ይቺው ናት» ነበር። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝታ እንደማታውቅ ለመሪየም ልትነግራቸው ወረደች። እኔ ጮቤ እየረገጥኩ መነጽሬን ስፈልግ ከፍራሹና ከግድግዳው መካከል ሾልኮ ወደቀብኝ። ሲወርድ ሰማሁት። ከዚያ ዝም አለ። እጄን ሰድጄ ስዳብስ ከሥር፣ ከጀልባዋ ሆድ ውስጥ፣ አምባር የደረደረ፣ ሂና የተቀባ እጅ ብቅ አለና መነጽሬን አቀበለኝ።

«ያንተ ነው ካፒቴን?» አለ የመሪየም ድምፅ።

ስንት ማዕበል አይቻለሁ። ከጀልባ ሆድ እጅ ወጥቶ መነጽር ሲያቀብለኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ፍራሹን ገልጬ አየሁ። በግራም በቀኝም፣ አልጋው ሥር ባለው ጎን ላይ፣ የመስኮት ያህል የሆኑ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች በሥርዓት ተከፍተዋል፤ በወንፊት ሽቦና በሚያምር እንጨት ተሠርተዋል፤ መነጽሬ የሾለከበት ብቻ ሽቦው ተገንጥሏል። ያ ቀዝቃዛ ነፋስ የገባው በእነሱ ነው። ጀልባዋ ውሃ ላይ ብትቀመጥ ደግሞ ውሃው የሚገባው በእነሱ ነው፤ ገና ስትቀመጥ።

ሐጂን ለብቻቸው ጠርቼ አሳየኋቸው። እሳቸውም ኮራ ብለው፣ በጎበዝ ባለሙያ ያስከፈትኳቸው ናቸው አሉ፤ ድሬ ላይ መስኮት ከላይ ከሆነ ሙቀት ነው የሚገባው፣ ለተኛ ሰው ነፋስ ከጎኑ ከታች መምጣት አለበት። ትክክል ነው፤ ለቤት። ከዚያ የጀልባዋን ጎን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በእጃቸው ውሃው እስከየት እንደሚደርስ በአየር ላይ ለኩ። እጃቸው ከቀዳዳው በላይ ቆመ። ግንባራቸውን መቱ።

«ወላሂ ካፒቴን፣ ጀልባ መሆኗን ረስቼው ነበር።»

እኔ የፈራሁት ውሃውን አይደለም፤ የሺን ነው። ጀልባዋ ቀዳዳ አላት ብላት በዚያው ታበቃለች፤ ቃል ቃል ነው። ስለዚህ ሐጂ የሺንና መሪየምን ወደ ቀፊራ ገበያ ሄዳችሁ አምሹ አሏቸው፤ እኛ የመኪና አካል በፋይበር የሚጠግን ባለሙያ አስጠራን። ከውጭም ከውስጥም ደራርቦ ደፈነው። ነገር ግን መያዙን በምን እንወቅ? ሐይቅ የለ፣ ወንዝ የለ። ሐጂና እኔ ተያየን። ትናንት የሳቅንበት የጋኑ ነገር ሁለታችንም ላይ ባንድ ጊዜ መጣብን።

ድፍኑ ሲደርቅ በቦቴ ውሃ አስመጡ። ከውስጥ እስከ ጥገናው በላይ ሞላናት። ሸራው ተነስቶ፣ ሴቶቹ ወጥተው፣ ሰፈሩ በሙሉ ጎንበስ ብሎ የጀልባዋን ሆድ ያያል። ጠብታ የለም። ውሃውም አልባከነም፤ ጎረቤቱ ጀሪካኑን ይዞ ተሰልፎ በጎማ ቀዳው። ጣና ላይ ከሐይቁ ውሃ ስንቀዳ ኖረናል፤ ከጀልባ ውሃ ሲቀዳ ያየሁት ድሬ ላይ ነው። ሐጂ ስለ ድፍኑ ካሳ ብለው ከዋጋው ቀነሱልኝ፣ እኔ እምቢ አልኩ፣ ተጨቃጨቅን፣ አሸነፉኝ።

የሺ ከገበያ ስትመለስ መሰላሉን ወጣች። ፍራሹን ገለጥ አድርጋ አየች። መለሰችው። ከዚያ ወርዳ ከመሪየም ጋር የገዙትን መዘርጋት ጀመረች።

አምስተኛው ቀን

መሪየም እስከ ጣቢያ ሸኙን፤ ለየሺ ድሪያውን መርቀው ሙሸበክ በካርቶን አስያዟት። የሺም ጋቢዋን ትታላቸው መጣች። ምን ያደርግላቸዋል ስላት፣ ጎርጎራ ሲመጡ ይለብሱታል አለች። የጎርጎራን ስም ከአፏ ስሰማ ተስፋዬ ትንሽ ቀና አለ።

ባቡሩ ሲነሳ በመስኮት እያየች፣ ለምን ደፈንካቸው አለችኝ፤ ነፋሱ ጥሩ ነበር። ያኔ መደበቁን ተውኩት። ውሃ ይገባባቸዋል አልኳት፤ ጀልባዋ ከተማው ውስጥ ነው የተበሳችው፣ አንቺ እንዳትሰጊ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ዞራ አየችኝ።

«ሌሎቹ ጀልባዎች ቀዳዳ የላቸውም?»

«የላቸውም።»

«አንተ የምትነዳቸውም?»

«ኧረ የላቸውም የሺ።»

ሳቋ ሲመጣ ከሆዷ ነበር። ፉርጎው ዘወር ዘወር አለ። ዕንባዋን በድሪያው ጫፍ ጠርጋ እንዲህ አለችኝ፦

«እኔ እኮ ከሥር ስገባ ነው ያየኋቸው። ሁሉም ጀልባ እንዲህ መስሎኝ ነበር። ይኸው በነዚህ ነው ውሃው የሚገባው፣ መፍራቴ ልክ ነው አልኩ በሆዴ።»

«ታዲያ ይቺው ናት አላልሽም?»

«ብያለሁ። አንተ ዕድሜህን ሙሉ በዚህ ነገር ላይ ካደርክ እኔስ ምን ብዬ እቀራለሁ? ከሰጠምንም አብረን ነው ብዬ ነው።»

ሙሸበኩን ከፈትኩና ትልቁን አነሳሁላት።

ጀልባዋ በሾፌሩ ወዳጄ መኪና ተጭና ባሕር ዳር ገባች። ሐይቁ ሲያያት ምን እንዳለ እንጃ፤ እሷ ግን ተንሳፈፈች። ወደ ጎርጎራ ስንሄድ በመጀመሪያው ማታ ደሴት ተጠግተን መልሕቅ ጣልን። የሺ ድሪያዋን ለብሳ፣ ነፋሱ እንደ ድሬ አይደለም ብላ ትንሽ አምታ፣ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ የጣና ካፒቴን ግን ፍራሹን ገልጬ፣ ጣቴን ድፍኑ ላይ አድርጌ፣ እርጥበት ስፈልግ አደርኩ።